የጎመን ድንጋይ

አፓናስ ኩዝሚች የሞተ ዕለት ከተማችን ዛቬርቢዬ በአንድ ጊዜ ደግ ሆነች። በሕይወት ሳለ እሱን ሲያዩ መንገድ የሚሻገሩ ሰዎች "ታሪካችን ሞተ" እያሉ ደረት መቱ። እንባ ሲረክስ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን የረከሰ ግን አላየሁም። የባህል ክፍል ኃላፊዋ ኢራይዳ ፓውላውና በጥቁር ሻሽ ተሸፋፍና፣ ሬሳው ራስጌ ቆማ "መብራታችን ጠፋ" ስትል፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚያው እንዳታስመልሰኝ።

ፍራኒያ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የወረዳችን ጋዜጣ አራሚ ነበርኩ። የአፓናስን ጽሑፍ ከኔ በላይ ያነበበ ሰው የለም፤ ሚስቱ ያድቪጋ እንኳ "የሱን ነገር ቀን ቀን ስሰማው ስለምውል ማንበቡ ይቅርብኝ" ትል ነበር። ሰውየው የታሪክ መምህር ነው። የተወለደው ከረግረጉ ማዶ በነበረች መንደር ሲሆን መንደሪቱን ጀርመኖች አቃጥለዋት ዛሬ ቦታዋን የሚያውቀው ሽመላ ብቻ ነው። በልጅነቱ ወደ ከተማው መጣ፣ ተማረ፣ አስተማረ፣ ለጋዜጣችንም ይጽፍ ጀመር። ያኔ የሚፈለገው ጽሑፍ የታወቀ ነው። የትኛዋ ላም ብዙ ታለበች፣ የትኛው ድልድይ ተመረቀ፣ የትኛው አርበኛ ሜዳሊያ ተሸለመ። እሱም ይጽፋል። ከመሃል ግን አንዲት እውነት ሸጎጥ ያደርጋል፣ አዘጋጁ ያያታል፣ ይቆርጣታል። እኔ የተቆረጠችውን ሳነብ አዘጋጁ ደግሞ ሻዩን ፉት እያለ "ይሄ ሰው ጤና የለውም" ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አየር እንደተነፈስኩ ሳስበው ራሴን ያመኛል።

አሠራሩን ልንገራችሁ። በዚያች በተንጋደደች ብስክሌቱ ወደ አሮጊቶች ቤት ይሄዳል። እነሱ ፊት ወረቀት አያወጣም። "ወረቀት ያየ ሰው ፍርድ ቤት የቆመ ይመስለዋል" ይላል። ድንች የሚለቀም ከሆነ ይለቅማል፣ እንጨት የሚፈለጥ ከሆነ ይፈልጣል። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። የሰማውን ቤቱ ገብቶ ይጽፋል። ያድቪጋ ግን "የሰው ድንች ሲለቅም የራሱ ማሳ ላይ በሰበሰ" እያለች ነፍሱን ታወጣው ነበር። ከተሜውም "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያለ ይቀልድበታል።

ነገሩ የመጣው በጎመን ነው። መኸር አልቆ የመጀመሪያው አመዳይ ሲጥል በዛቬርቢዬ ጥቅል ጎመን የማይከትፍ ቤት የለም። ጎመኑ ከጨውና ከካሮት ጋር ታሽቶ በእንጨት በርሜል ይጠቀጠቃል፣ ክዳን ይደረግበታል፣ እስኪኮመጥጥም ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጫናል። ድንጋዩ ከእናት ለልጅ ይወረሳል። ሴቶቹ "የኛ ድንጋይ እኮ ጎመኑን አያልፈሰፍሰውም" እያሉ ይኩራራሉ፤ ሌላ የሚኮሩበት ነገር የላቸውምና። ያን ቀን አፓናስ አክስት ስቴፋ ዘንድ ጎመን ሲከትፍ እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ማሰሮዬን ይዤ ያለፈውን ዓመት ጎመን ልወስድ መጥቼ፣ እጄን ሰድጄ እየቀመስኩ። ስቴፋ በዕድሜ የሁላችንም እናት ናት። ድንጋዩን በፈላ ውሃ ካጠበችው በኋላ አፓናስ ሊያነሳላት ጎንበስ አለ፤ አገላበጠውና ሥሩን ተመለከተ።

"አክስት ስቴፋ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ድንጋይ ነዋ! ስታነብ ስታነብ ዓይንህ ጠፋ እንዴ?"

"ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ነው የምልዎት።"

"አ፣ እሱማ የአይሁዶቹ ነው። እናቴ ከጦርነቱ በኋላ ከኮረብታው ያመጣችው። ምን ያፈዝሃል? ማን ያላመጣ አለ? ጽሑፉን ወደ ታች አድርገን ነው የምንጭነው።"

"ለምን ወደ ታች?"

"ታዲያ ወደ ላይ ሆኖ እያየኝ ጎመን ልብላ?"

ብላ ሳቀች። ስቴፋ ክፉ ሰው አይደለችም። አፌ ውስጥ የነበረውን ጎመን ዋጥኩት ይሁን ተፋሁት አላስታውስም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጎመን አፌ አልገባም።

ከጦርነቱ በፊት የከተማችን እኩሌታ አይሁድ ነበር። ጀርመኖች ከገደሉ አፋፍ ላይ አሰልፈው ፈጇቸው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ በየዓመቱም አበባ እናስቀምጣለን፣ የሙዚቃ ጓድ ይነፋል። ሰዎቹን የፈጀው ጀርመን ነው። መቃብራቸውን የዘረፍነው ግን እኛው ነን፤ ይህኛው ሙዚቃ የለውም። አንዱ ለደጃፉ ደረጃ አደረገው፣ አንዱ ለአሳማው ጋጥ መሠረት፣ አንዱ ሰብሮ ቢላ መሳያ፣ ቀሪው ጎመን ላይ ተጫነ። መቃብሩ የነበረበት ኮረብታ ባዶውን ቀረ፣ ፍየል ይግጥበታል።

አፓናስ በስተርጅና የዕብራይስጥ ፊደል ሊቆጥር ተቀመጠ። ክረምቱን ሙሉ ከሕፃናት መማሪያ ላይ እንደ ዳዴ ልጅ እየተውተረተረ ተማረ። በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ዘመን። መቅረዝ ከተቀረጸበት ሴት ናት። ማንበብ ሲችል በመጀመሪያ የሄደው ወደ ስቴፋ ነው።

"አክስት ስቴፋ፣ ድንጋይዎ ስም አላት። ፌይጋ ትባላለች፣ የዜሊክ ልጅ።"

ስቴፋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ፌይጋ? ዳቦ ጋጋሪዋ ፌይጋ?"

"ያውቋት ነበር?"

"በመስኮት ጠርታ የዳቦ ጫፍ ትሰጠኝ ነበር፤ ትኩሱን። ስትሞት አልቅሻለሁ፤ ልጅ ነበርኩ።" ከዚያ "አንተ መዓተኛ፣ ለምን ነገርከኝ?" አለችው።

በማግሥቱ ድንጋዩን በእጅ ጋሪ እየገፋች ራሷ አፓናስ ግቢ አመጣችው። በዚያ ዓመት ጎመኗ አልኮመጠጠም፣ ተልፈሰፈሰ። "የፌይጋ እርግማን ነው፣ እበላዋለሁ" ብላ ክረምቱን እያጉረመረመች በላችው።

ሌላው ሰው ግን ስቴፋ አይደለም። አፓናስ በየቤቱ እየዞረ ጠየቀ፣ ለመነ።

"ድንጋዩን ከወሰዱብኝ ጎመኔ ላይ ምን ልጫን፣ አፓናስ ኩዝሚች? እርስዎ ይቀመጡበታል?"

"ከወንዙ ዳር ድንጋይ ሞልቶ የለም እንዴ?"

"የወንዙ አሸዋ አሸዋ ይላል። የነሱ ጥሩ ድንጋይ ነው።"

ጥሩ ድንጋይ! ሰው የሰረቀውን እንዲህ ሲያመሰግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ጡረተኛ ደግሞ በአጥሩ ላይ ተደግፎ "ተው እንጂ፣ ዝም አይነቅዝም" አለው። አፓናስም "አይነቅዝም፣ ይገማል እንጂ" ብሎት ብስክሌቱ ላይ ወጣ።

የሆነ ሆኖ ድንጋዮቹ መምጣት ጀመሩ። ጠዋት በሩን ሲከፍት አንዱ አጥሩ ሥር ተጋድሞ ያገኘዋል፣ ሌላ ቀን ሁለት። ያመጣው ሰው አይታወቅም። በሌላ አገር ሌባ የሚደበቀው ሲሰርቅ ነው፤ የኛ ሰው ግን ሲመልስ ነው የሚደበቀው። አፓናስ እያንዳንዱን በብሩሽ አጥቦ፣ ስሙን አንብቦ፣ ከፖም ዛፎቹ ሥር ደረደረው። ያድቪጋ መጀመሪያ "ግቢዬን መቃብር አደረገው" ብላ ጮኸች፤ ቆይታ እሷም ባልዲ ይዛ ታጥብ ጀመር፣ ስማቸውንም እንደ ጎረቤት ለመደችው። የአፓናስ ልብ ደካማ ነበር፤ ሐኪም ነግሮታል። አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሳይሞት ድንጋዮቹን ኮረብታው ላይ መልሶ ማቆም። ለዚያ ደግሞ የጭነት መኪና ያስፈልጋል፣ መኪና ያለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው።

በዚያው ሰሞን የከተማችን የምሥረታ በዓል ደረሰ። የበዓሉን መጽሐፍ ይጽፍ ዘንድ የታዘዘው አፓናስ ነው፤ ከሱ ሌላ የሚችል ስለሌለ። ጻፈው። ከምዕራፎቹ አንዱ ስለ ድንጋዮቹ ነበር። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያረምኩት እሱን ብቻ ነው፣ በሕይወቴም እንደዚያ ያለ ጽሑፍ በእጄ አልገባም። ስድብ የለው፣ ስብከት የለው፤ ማን የት ቤት ምን ሥር እንዳለች ብቻ ይናገራል። ኢራይዳ ፓውላውና አንብባው አስጠራችን።

"አፓናስ ኩዝሚች፣ የኔ ወርቅ" አለችው። የሚጣፍጥ አፍ አላት፣ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። "እንግዶች ከዋና ከተማ ይመጣሉ። ጠረጴዛው ላይ ጎመን ይቀርባል፣ ከጎኑ መጽሐፍዎ። ያቺን ገጽ ገልጠው ሲያነቡ ሹካቸውን የት ያድርጉት?"

"እንዲያስቀምጡት ብዬ ነው የጻፍኩት።"

"ቀልደኛ ነዎት። እንነጋገር። ምዕራፏ ትውጣ፤ እኔ ደግሞ መኪና እሰጥዎታለሁ። ማንሻ፣ ሠራተኛ፣ ኮረብታውን የሚያጥር አጥር ጭምር። በዓሉ እንዳለፈ በሳምንቱ። ቃሌ ነው።"

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመ። ትንፋሽ አጥሮት ነበር።

"ይሸጡሃል፣ አፓናስ" አልኩት።

"ያውቁበታል። ግን ፍራኒያ፣ ምዕራፍ ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ድንጋዮቹን ግን ከኔ በኋላ ማን ይሸከማቸዋል?"

ምዕራፉን በገዛ እጄ አወጣሁት። መጽሐፉም ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ የኢራይዳ ፓውላውና ስም በትልቁ "ዋና አዘጋጅ" ተብሎ፣ የሱ ከውስጥ በኩል በደቃቁ። በግብዣው ላይ ከዋና ከተማ የመጡት ጎመኑን እያመሰገኑ ሦስቴ አስጨመሩ። አፓናስ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጦ ዳቦውን ይፈረፍር ነበር። እኔ ንግግሩ ሳያልቅ ወጣሁ።

ሳምንቱ አለፈ። መኪናው ተበላሽቷል። ተጠገነ፣ ሾፌሩ ታመመ። ሾፌሩ ዳነ፣ መንገዱ ጨቀየ። ጭቃው ደረቀ፣ መሬቱ በረዶ ሆነ። ኢራይዳ ፓውላውና በስልክ "የኔ ወርቅ" ትለዋለች። በገበያ የሚያገኙት ሁሉ "እህ፣ አፓናስ ኩዝሚች፣ ዛሬም መኪናው አልመጣም?" እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን በረዶ በጣለ ቁጥር ከበሩ ፊት ይጠርጋል፤ በግራም በቀኝም፣ መኪና የሚያስገባውን ያህል አስፍቶ።

"ያንተን ልብ ይዞ በረዶ ይጠረጋል?" ትለዋለች ያድቪጋ።

"ቢመጡና በሩ ተዘግቶ ቢያገኙትስ? ምክንያት ልስጣቸው?"

በየካቲት አካፋውን እንደተደገፈ እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ያድቪጋ በመስኮት ስታየው የሚያርፍ መስሏት ሻይ ጣደች።

በቀብሩ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ከቀብር ተመልሰን የሐዘኑ ማዕድ ላይ ስንቀመጥ፣ ጎረቤት ሁሉ ደግነቱን በየሳህኑ ይዞ መጣ። የድንች ቂጣ፣ የአሳማ ስብ፣ ከዚያ ጎመን፣ አሁንም ጎመን። ሰውየው የሞተበትን ነገር በሹካ እየጠቀለሉ "አፈሩ ይቅለለው" ይላሉ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው!

በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ መኪናው መጣ። አዎ፣ ከነማንሻው። ያድቪጋ በደስታ ታለቅስ ነበር፤ ለሠራተኞቹ እንቁላል ጠበሰች፣ ቮድካ ቀዳች፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በስሙ ጠርታ ሸኘች። ኢራይዳ ፓውላውናም "አጥሩ እስኪያልቅ መጋዘን ይቀመጣሉ" አለቻት። አመነቻት። እኔ አላመንኩም፣ ግን ምን አደረግሁ? ስጠይቅ "በሂደት ላይ ነው" እባላለሁ፤ በጋው አለፈ፣ ክረምቱም።

በዓመቱ ራዳውኒትሳ ደረሰ፣ ከፋሲካ በኋላ ሙታናችንን የምንጎበኝበት ቀን። ከተማው ሁሉ ቀይ እንቁላሉን፣ ዳቦውን፣ ጠርሙሱን ይዞ መቃብር ለመቃብር ተዘርግቶ ይበላል። በዚያ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ በአፓናስ መቃብር ላይ ሐውልት አቆመ። ግራጫ ግራኒት፣ እንደ መስታወት የተወለወለ፣ "ለታሪክ ጸሐፊያችን፣ ከአመስጋኙ የዛቬርቢዬ ሕዝብ" የሚል። ኢራይዳ ፓውላውና ጨርቁን ገለጠች፣ ተጨበጨበ፣ ወዲያው ጠርሙሱ ተከፈተ። ያድቪጋ እንደ አገራችን ልማድ የጠለፈችውን ፎጣ ልታስርበት ከሐውልቱ በስተኋላ ዞረች። ቆየች።

"ፍራኒያ፣ ነይ እስቲ" አለችኝ በቀስታ።

ሄድኩ። ጀርባውን ሞርደውታል፤ ግን የድሮ ሰው በጥልቀት ነው የሚቀርጸው። የመቅረዙ ግማሽ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ከሥሩ ፊደሉ።

"ጊትል ናት" አለች ያድቪጋ።

"ማን?"

"ጊትል፣ የአልተር ልጅ። ከዳር ባለችው ፖም ሥር የነበረችው። እኔ ነኝ ያጠብኳት።"

ኢራይዳ ፓውላውና ብርጭቆዋን እንደያዘች መጣች። "ምነው ያድቪጋ፣ ከኋላ ምን ትሠሪያለሽ? ሰው እየጠበቀሽ ነው።"

"ከኋላው ያለውን አየሁ።"

"ከኋላ ማን ያያል?"

"ባሌ ያይ ነበር።"

ሴትዮዋ እፍረት ቢነካት ይቅር ባልኳት ነበር። የባሰውን ነው ያደረገችው፤ ቅር አላት። "ከሁሉ ምርጡን እኮ ነው የመረጥንለት! እንደዚህ ያለ ግራኒት ዛሬ የት ይገኛል? ለሱ ክብር ብለን ነው!"

"ሌሎቹስ የት አሉ?"

ኢራይዳ ፓውላውና መልስ ከመስጠቷ በፊት፣ አጠገባችን ሣሩ ላይ የተቀመጠው፣ ሐውልቱን የሠራው ድንጋይ ጠራቢ እንቁላል አፉን እንደሞላው "ደህና ደህናው እኔ ጋ ነው" አለ። "የተሰባበረውን ከሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ፣ ከመኪና ማቆሚያው ሥር ሞሉት። ጭቃው አስቸግሮ ነበራ።" ይህን ብሎ ሌላ እንቁላል ላጠ።

ሁሉም ሰምቷል። ጨው አቀብሉኝ ያለ ሰው ነበር እንጂ የተነሳ አልነበረም። አስተዋይ ሕዝብ ነው፤ ምግብ ፊቱ ካለ አይሰማም።

ያድቪጋ አላለቀሰችም። በማግሥቱ የስቴፋ የልጅ ልጅ ትራክተሩን ይዞ መጣ፣ እኛ ሦስት አሮጊቶች ደግሞ ዘንግ ይዘን። ሐውልቱን ነቅለን ጫንነው። ፖሊሱ መንገድ ላይ አስቆመን።

"የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው፣ እማማ።"

"የጊትል ነው" አለችው ስቴፋ። "ከፈለግህ እሷን ክሰስ። ደግሞ እናትህ ጎመን ላይ የምትጭነውን አውቀዋለሁ፤ ዝም በል።"

ከመንገዱ ዞር አለ። ኮረብታው ላይ ወስደን፣ የጊትልን ፊት ወደ ፀሐይ መውጫ አድርገን አቆምነው። እኔ የአፓናስ ስም ይፋቅ ብዬ ነበር። ያድቪጋ ግን "አይፋቅም። ያደረጉትን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ይቁም" አለች። ለአፓናስ የእንጨት መስቀል ሠራንለት።

ከተማው ለአንድ ክረምት ሙሉ አማን። "የሰጠነውን ክብር ወስዳ አይሁዶች ዘንድ ጣለችው" አሉ፤ "እሱም ድሮውን ከነሱ ወገን ነበር" አሉ። ከዚያ የሩቅ አገር እንግዶች ኮረብታውን ሊያዩ መምጣት ጀመሩ፣ ኢራይዳ ፓውላውናም ነገሩ ገባት። ሰሌዳ አስተከለች፣ ጠጠር አስነጠፈች፣ ተማሪዎችን በአበባ ማሰለፍ ጀመረች። የምታሰልፋቸው ግን በጀርባው፣ የአፓናስ ስም ባለበት በኩል ነው፤ ሊያነቡት የሚችሉት እሱን ስለሆነ። አሁን የከተማው ልጆች በሙሉ ኮረብታው ላይ የተቀበረው አፓናስ ኩዝሚች ይመስላቸዋል፤ ጊትል ዛሬም ፊቷ ወደ ወዲያ ነው። በሷ በኩል ያለውን ሣር የምታጭደው ያድቪጋ ብቻ ናት።